የፒካፗ የሆድ ብረት

ቡሬ፣ ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለአብዱረህማን፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ።

እንደምን ሰንብተሃል ልጄ? የሻርጃ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ዝናቡ ገብቶ የቡሬ ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል። አረፋንም በደህና ዋልን። የላክኸው ልብስ ለእህትህ ለሁስና ልክ ሆነላት፤ የእኔው ግን ለሁለት ሙሚና ይበቃል። ከሄድህ ወዲህ የወፈርሁ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል።

ይህን በስልክ ያልነገርሁህ ለምን እንደሆነ ታውቀዋለህ። ስልክ ላይ አንተ ትጮኻለህ፣ እኔ እዘጋብሃለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ስንብሰለሰል እንሰነብታለን። ወረቀት አይጮኽም። ጎረቤታችን ሃያት ለሸቀጥ ወደዚያ ስለምትመላለስ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ፤ ተቀምጠህ አንብበው።

ፒካፗ ተመታች። ሰው አልተጎዳም፤ ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ልብህ እንዳይወርድ ነው። ወደ ዝግባ ውሃ በሚወስደው መንገድ መሀል «አማት» የሚሏት ድንጋይ አለች። ስሙን ያወጡላት ሾፌሮች ናቸው፤ ፊቷ ስትደርስ ቀስ ብለህ አንገትህን ደፍተህ ካላለፍህ አትምርህም ብለው። ጎርፉ ከሥሯ አፈሩን ጠርጎ አጉልቷት ኖሮ፣ የሞተሩን ዘይት የሚይዘውን ኮፓ ሰነጠቀችው። ዘይቱ መንገዱ ላይ ፈሰሰ። ሁስና ወዲያው ሞተሩን ባታጠፋው ኖሮ ሞተሩም አልቆለት ነበር።

አዎ፣ ሁስና። አሁን ልትጮህ ነው፤ ጩህ፣ እኔ አልሰማህም። ሾፌራችን ክንዱ እኛን ትቶ በአዴት መስመር ሚኒባስ መንዳት ከጀመረ ወዲህ መሪውን የያዘችው እህትህ ናት። መንጃ ፈቃዷን ተፈትና ነው ያወጣችው። እኔ ከጎኗ መቁጠሪያዬን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ዝግባ ውሃ እስክንደርስ የማውቀው ዱዓ ሁሉ ያልቅና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

እንዳለው የሚባለው የፍኖተ ሰላሙ መካኒክ ኮፓውን በየደልን። ነገር ግን «ከሥር የሆድ ብረት ካልገባላት ነገም ያው ነው» አለኝ። አንተ ያለኸው መኪና እየተበለተ በሚሸጥበት ገበያ ውስጥ ነው። ለእኛ ፒካፕ የሚሆነውን መርጠህ ላክልን። በርበሬው ሳይደርስ ይሁን። ዝግባ ውሃ ያልገባ መኪና የዝግባ ውሃን በርበሬ አያገኝም፤ ይህ ቤት የቆመው ደግሞ በዚያ በርበሬ ነው።

አላህ ከክፉ ይሰውርህ፤ ጣቶችህንም ከምትፈታው ብረት ይጠብቅልህ።

አክስትህ ሙሚና


ሻርጃ፣ ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

እናትም አክስትም ሆነው ላሳደጉኝ ለአክስቴ ለሙሚና፤ ወዐለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ።

ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ገበያዎ እንዴት ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ግን ቆሜ ነው ያነበብሁት፤ ተቀመጥ ቢሉኝም አልቻልሁም።

አክስቴ፣ አልጮኽም። አንድ ነገር ብቻ ይስሙኝ። እርስዎ የሚያዩት መኪና ሲሄድ ነው። እኔ የማየው መጨረሻውን ነው። ጠዋት የምንሠራበት ጓሮ ስገባ የተጨማደዱት መኪኖች ተደርድረው ይጠብቁኛል። በራቸውን ፈልቅቀን ሞተራቸውን እናወጣለን። ወንበር ሥር የሕፃን ጫማ አገኛለሁ፤ የፀጉር ማስያዣ አገኛለሁ፤ አንድ ጊዜም ግማሹ የተገመጠ ፖም አግኝቻለሁ። ባለቤቶቹ ይኑሩ ይሙቱ የሚነግረን የለም። እርስዎ «ሁስና ሞተሩን አጠፋች» ብለው ሲጽፉልኝ እኔ ያየሁት የእሷን የፀጉር ማስያዣ ነው።

ስለዚህ ሾፌር ይቀጠር። ሾፌር ካልተገኘ መኪናዋ ትሸጥ። ስገዛላችሁ እንድትኖሩባት ነው እንጂ በየሰዓቱ ልቤን እንድትወስዱት አይደለም።

እስከዚያው ስለ ብረቱ ጠይቄያለሁ። ሦስት ዓይነት አለ። አንዱ ፋብሪካው የሚያስገባው ስስ ቆርቆሮ ነው፤ ለአስፋልት ካልሆነ ለእናንተ መንገድ ወረቀት ማለት ነው። ሁለተኛው አሉሚኒየም ነው፤ ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ነገር ግን አንዴ ከተሰነጠቀ ቡሬ ውስጥ የሚበይደው አይገኝም። ሦስተኛው ወፍራም ብረት ነው። ከፊት መከላከያው ጀምሮ ሞተሩንና ካምቢዮውን አልፎ የጭስ ማውጫው ድረስ ይሸፍናል፤ ሙሉ በሙሉ ድፍን ነው፣ ጠጠር አያስገባም። እኔ ልቤ ወደዚህ ያደላል።

ለመሆኑ ያችን ድንጋይ ለምን አታስነሷትም? በዲጅኖ አንድ ጠዋት የማይፈጅ ሥራ ነው። ለአንድ ድንጋይ ብለን ብረት በባሕር ስናጓጉዝ ሰው ቢሰማ ይስቅብናል።

ዱዓዎ አይለየኝ። ሁስና ለምን አትጽፍልኝም?

ልጅዎ አብዱረህማን


ቡሬ፣ ነሐሴ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱረህማን፤ የአላህ ሰላምና እዝነት ካለህበት ይድረስህ።

ደብዳቤህን ለሁስና ሰጠኋት። አነበበችው፤ አጣጥፋ መለሰችልኝና «ትሸጥ ካለ ራሱ መጥቶ ይሽጣት» ብላ ወጣች። ለምን አትጽፍልኝም ላልኸው መልሱ ይኸው ነው። እኔ መሀላችሁ ገብቼ የማስታርቅ ሰው አይደለሁም፤ ሁለታችሁንም ያሳደግሁት እኔ ነኝና ግትርነታችሁ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ።

ሾፌር ያልኸውን ሞክረናል። አንዱ ዝግባ ውሃ ስንለው ሳቀብን። ሌላው አንድ ቀን ሄዶ አማትን ካያት በኋላ ወገቤን አመመኝ ብሎ ቀረ። ሁስና ናት የምትገባው። ሸጠናት ምን እንበላለን? ስለ ፍርሃትህ የጻፍኸውን ግን ደጋግሜ አነበብሁት፤ ስለ ፖሙ ያልኸውን ሳነብ ወረቀቱን አስቀምጬ ወጣሁ። እኔም እፈራለሁ ልጄ። አንተ በሩቅ ትፈራለህ፣ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ እፈራለሁ፤ ልዩነታችን ይህ ብቻ ነው።

ስለ ድንጋይዋ አገርህን ረስተሃል። አማት ተራ ድንጋይ አይደለችም፣ የወሰን ድንጋይ ናት። ከመንገዱ በላይ ያለው የይሄይስ ማሳ ነው፣ ከታች ያለው የይታገሱ። መንገዱ ራሱ ኋላ የመጣ ነው፤ በወሰናቸው ላይ ነው የተረገጠው። ሁለቱ በዚያች ድንጋይ ፍርድ ቤት ከተመላለሱ ወዲህ ሰላም አይባባሉም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። የወሰን ድንጋይ የሚነቅል እጅ እርጉም ነው ይላሉ፤ በዲጅኖ የሚነካት ቢገኝ ደም ይፈሳል። ስለዚህ ድንጋይዋን ተዋት፣ ብረቱን ፈልግ።

ከሦስቱ የቱ ላልኸው፣ ወፍራሙን ብረት መካኒኩ እንዳለውም ወዶታል፤ ቢሰነጠቅ እዚሁ ይበየዳል። እኔ ግን ድፍን አይሁን ነው የምለው። ቀዳዳ ይኑረው፣ የገባበትን የሚያወርድበት። የእኛን ጭቃ ታውቀዋለህ። መኪናዋ ደግሞ በአዝመራ ጊዜ ሌላም ሥራ አለባት። ባሌ በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ከዝግባ ውሃ ሰዎች ጋር ያለን ውል የወረቀት አይደለም፤ እኛ በአዝመራ እንደርስላቸዋለን፣ እነሱም በርበሬያቸውን ለሌላ ነጋዴ አያሳዩም። እሱን ሌላ ጊዜ አጫውትሃለሁ፤ ሃያት እየቸኮለች ደጄ ላይ ቆማለች።

አላህ ሐሳብህን ያቅልልህ።

አክስትህ ሙሚና


ሻርጃ፣ መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለሙሚና፤ ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስዎ፤ አዲሱ ዓመት የጤናና የገበያ ይሁንልዎ።

ብረቱን ልኬዋለሁ። ሃያት ከሸቀጧ ጋር አዲስ አበባ ድረስ ታደርሰዋለች፤ ከዚያ በአውቶቡስ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ድፍኑን ነው የላክሁት። ቀዳዳ ያሉትን አስቤበት ነበር። ቀዳዳ ያለውንም አይቼ በእጄ ይዤው ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት አንዲት ነጭ ፒካፕ ተጎትታ ጓሮአችን ገባች። የእናንተ ናት ብዬ ሮጥሁ። እንዳልሆነች አውቃለሁ፣ ባሕር አቋርጣ አትመጣም፤ ግን ሮጥሁ። ሥሯን ገልብጠን ስናይ ኮፓዋ ተቀድዷል። በሆድ ብረቷ ቀዳዳ የገባ ድንጋይ ነው አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ቀዳዳ የሚባል ነገር ማየት አልቻልሁም። ጭቃ ይታጠባል አክስቴ። ብሎኖቹ ብዙ ናቸው፤ እንዳለው በደንብ ያጥብቃቸው፤ ይህን ንገሩልኝ፤ አንዱም እንዳይላላ።

ሁስናን ሰላም በሉልኝ። አልሸጥባትም በሉልኝ። አንድ ቃል ብትጽፍልኝ ምን ነበረበት? በሷ ዕድሜ እኔ ላኮረፍሁት ሰው ሁሉ እጽፍ ነበር።

ልጅዎ አብዱረህማን


ቡሬ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአብዱረህማን፤ አሰላሙ ዐለይኩም። እንኳን ብረትህ በሰላም ደረሰ፤ አንተም እንዲሁ በሰላም የምትደርስበትን ቀን አላህ ያሳየኝ።

አውቶቡስ ተራ ያሉት ጫኞች ጠቅልለህ የላክኸውን ሲያወርዱት «እትዬ፣ የባንክ በር ነው እንዴ?» አሉኝ። በባጃጅ ልወስደው ብል ባለባጃጁ አይቶት አፈገፈገ። በመጨረሻ በጋሪ ጭነነው እንዳለው ጋራዥ ደረስን፤ ፈረሱም እንደ ባለባጃጁ ሳይደሰት ነው የወሰደው። እንዳለው መታ መታ አደረገውና «ይህን ያለፈ ድንጋይ እኔ ዘንድ አምጡት፣ አያለሁ» አለ። ሲያስገባው ዋለ። ብሎኑ ብዙ ነው፤ ሁሉንም አጠበቀልህ።

በማግስቱ ወደ ዝግባ ውሃ ሄድን። አማት ላይ ስንደርስ ሁስና አልቆመችም። ከሥራችን ሲፋቅ ጆሮዬን ይዤ ጮኽሁ። ወርደን ስናየው ብረቱ ላይ ጭረት ብቻ ነው ያለው። ሳቅሁ ልጄ፤ ብቻዬን መንገድ ላይ እንደ እብድ ሳቅሁ። ይሄይስ ከማሳው ሆኖ «ሙሚና፣ ምን አገኘሽ?» ብሎ ጮኸ። «አማትን ጥርሷን ሰበርናት!» አልሁት። ይታገሱም ከታች ሆኖ ሰምቶ ኖሮ ሳቀ፤ ይሄይስ የሚስቀው ማን እንደሆነ ሲያይ ግን ፊቱን መለሰ።

ሁስና ምን አለች ብለህ መጠየቅህ አይቀርም። ከሥሯ ተኝታ ብዙ ጊዜ ስታየው ቆየችና «ጥሩ ብረት ነው፤ ግን አሁን ሆዷ ውስጥ ምን እንዳለ አላይም» አለች። እኔ ምስጋና መስሎኝ ነው የጻፍሁልህ።

ዳጉሳው እየታጨደ ነው፤ በርበሬውም ቀልቷል። ከእንግዲህ ለመጻፍ ጊዜ አላገኝም፤ ብዘገይ አትጨነቅ።

አክስትህ ሙሚና


ሻርጃ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለሙሚና፤ የልጅነት ሰላምታዬን በእጅ መንሻ መልክ ይቀበሉኝ።

ደብዳቤዎን ለሥራ ጓደኞቼ አነበብሁላቸው፤ ስለ ፈረሱ ያሉትን ሲሰሙ ሳቁ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ተኛሁ። ሆኖም ልቤ ተመልሶ ይባዝናል። ለምን እንደሆነ ሳሰላስል ነሐሴ ላይ የጻፉልኝን አወጣሁና እንደገና አነበብሁት። «መኪናዋ በአዝመራ ጊዜ ሌላም ሥራ አለባት» ብለዋል። ያኔ ዓይኔ ድንጋይዋ ላይ ስለነበር አለፍሁት። ሥራዋ ምንድን ነው አክስቴ? በርበሬ መጫኑን አውቃለሁ፤ ከበርበሬ ሌላ ምን ትሠራለች?

«ሆዷ ውስጥ ምን እንዳለ አላይም» ያለችውም ምስጋና አልመሰለኝም። እህቴን አውቃታለሁ። ምን ማለቷ እንደሆነ ጠይቀው ይጻፉልኝ።

አብዱረህማን


ሻርጃ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣ ሃያት እዚህ መጥታ ተመለሰች፤ ከእርስዎ ወረቀት አልያዘችም። ምን ሆኑ ብላት ደህና ናቸው አለችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችም። ስልክዎ አይሠራም። የሁስናም አይሠራም። ቢቆጡኝም ይቆጡኝ፣ አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ። ስለ ብረቱ አልጠይቅም፣ ስለ መኪናዋም አልጠይቅም።

አብዱረህማን


ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁስና በሕይወት አለች። ሰላምታውን ኋላ እናደርሰዋለን፤ ይህን አስቀድመህ አንብብ። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ተቃጥለዋል፤ ሐኪሞቹ ይድናል ብለዋል፣ እኔም እየዳነ መሆኑን በዓይኔ እያየሁ ነው። ስልኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንተ ስትጮኽ ሰምቼ መልስ የምሰጥበት ጉልበት አልነበረኝም። ሃያትንም እንዳትናገር ያስማልኋት እኔ ነኝ፤ በእሷ አትቀየም።

ኅዳር ላይ የጻፍኸው ጥያቄ የደረሰኝ ሆስፒታሉ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። አነበብሁትና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስሁ። መልሱ ይኸውልህ፤ በአዝመራ ጊዜ መኪናዋ ዳጉሳ ትወቃለች። ነዶው አውድማው ላይ ይዘረጋል፤ መኪናዋ በላዩ ቀስ እያለች ትዞራለች፤ ወንዶቹ በመንሽ እየገለበጡ ይከተሏታል። በበሬ ሳምንት የሚፈጀው በመኪና ባንድ ቀን ያልቃል። ባሌ ነው የጀመረው። ለዚህ ነው በርበሬያቸውን ለእኛ የሚያቆዩልን። ይህን ብነግርህ «መኪና ገዛሁላችሁ እንጂ በሬ አልገዛሁላችሁም» ትለኛለህ ብዬ ዋጥሁት።

በታኅሣሥ የይሄይስን አውድማ ያዝን። ክምሩ ዙሪያውን ነበር፤ የእሱ ብቻ አይደለም፣ የጎረቤቶቹም፣ የይታገሱ ክምርም በአጥሩ ማዶ። ጾም ስለሆነ እነሱም እኛም ከአንድ ሽሮ በልተን ሥራ ተጀመረ። ሁስና ከጠዋት ጀምሮ ትዞራለች። ከሰዓት በኋላ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ፍሪሲዮኑ ነው አለች፤ ቀስ አለች። ፍሪሲዮኑ አልነበረም። ገለባው በፊት በኩል እየገባ ያ ድፍን ብረትህ ላይ ሲጠቀጠቅ ውሎ የጭስ ማውጫውን ነክቷል። ቀዳዳ የለውም፣ አይወርድም፤ ከላይ ሆኖ የሚያየውም የለም። ከዚያ ጭስ አየን፣ ቀጥሎ ነበልባል።

ይሄይስ «ልጄ ውረጂ! ውረጂ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ጮኽሁ። አልወረደችም። መኪናዋ ከቆመች ከሥሯ የተዘረጋው ዳጉሳ እንደሚያያዝ፣ ከእሱ ክምሩ፣ ከክምሩ ቤቱ እንደሚከተል አይታለች። የአራት ቤት የዓመት እህል ነው። በሯን ዘግታ ነዳችው። እሳቱ በካምቢዮው ዘንግ ሥር ወደ ውስጥ ገብቶባት እጇን አላነሳችም፤ ማርሽ ቀየረች። አጥሩን ጥሳ ቁልቁል የይታገሱ መስኖ ውስጥ አስገብታ ጭቃው ላይ አቆመቻትና ከዚያ ወረደች። እኔ ስደርስ ተቀምጣ እጇን ውሃ ውስጥ ነክራ «ክምሩ ተያዘ?» አለችኝ። አልተያዘም፤ አንድ ዘለላ አልተቃጠለም።

ወደ አስፋልቱ በቃሬዛ አወጧት። ከፊት ይሄይስ ያዘ፤ ከኋላ የሚይዝ ሰው ሲፈለግ ይታገሱ ሮጦ ገባ። ማንም አልጠራውም። አማት ጋ ስንደርስ ቃሬዛውን አላሳልፍ ብላ ጎበጡ፣ ሁስና ተንገጫገጨችና ጮኸች። ያኔ ሁለቱ ተያዩ።

ብረትህን አልረገምሁም ልጄ። ለምን እንደላክኸው አውቃለሁ። እኔ ሳልነግርህ፣ አንተ ድንጋይ ብቻ ስታይ፣ መሀላችን የገባው ገለባ ነው። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እውነት ነው፤ ባልፈራነው በኩል መጣ እንጂ።

አላህ ልብህን ያሳርፍልህ።

አክስትህ ሙሚና


ሻርጃ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለሁስና። አሰላሙ ዐለይኪ።

አክስቴ ሁሉንም ጽፋልኛለች። ወረቀቱን ጓሮው ውስጥ ተቀምጬ አነበብሁት፤ ከዚያ የሚፈታ መኪና ቢጠብቀኝም ያን ቀን ምንም አልፈታሁም።

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚሉት እኔን ነው። ድንጋይዋን ስፈራ ስለ ሌላው ሁሉ መጠየቅ ተውሁ። አክስቴ ቀዳዳ ይኑረው ብላኝ ነበር። ቀዳዳ ያለውን በእጄ ይዤ መልሼ አስቀመጥሁት። ይህን ለማንም ብዬ አልረሳውም፤ አንቺም አይዞህ አትበይኝ።

መኪናዋ ትሸጥ ያልሁትን ትቻለሁ። እንዳትነጂ ያልሁትንም ትቻለሁ። እሳት ይዛ ክምር ያዳነች ሾፌር ፊት እኔ ምን አፍ አለኝ? ሌላ ብረት የምትፈልጊ ከሆነ እንግዲህ እኔ አልመርጥም፤ አንቺ ምረጪ፣ እኔ ገዝቼ እልካለሁ። የማትፈልጊ ከሆነም ይቅር።

አንድ መስመር ጻፊልኝ። ስድብም ቢሆን።

ወንድምሽ አብዱረህማን


ቡሬ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብዱረህማን፤ ወዐለይከ ሰላም። እንኳን ለረመዳን አደረሰህ። አላህ ጾምህን ይቀበልህ።

ስድብ ጠይቀህ ነበር። በግራ እጄ ስለምጽፍ ስድቡን ለማሳጠር ተገድጃለሁ፤ ደንቆሮ። ይኸው። ከነሐሴ ጀምሮ ይዤው ነበር፣ አሁን ቀለለኝ።

እጄ እየዳነ ነው። ጣቶቼ ይታጠፋሉ፤ ሁለቱ ብቻ ገና ይሳቡኛል። ሐኪሙ መሪ መቼ እይዛለሁ ስለው «መጀመሪያ ማንኪያ ያዢ» አለኝ። ማንኪያ መያዝ ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ፤ አክስቴ አይታ አላየችም፣ እያጎረሰችኝ መቆየት ስለምትወድ። መኪናዋም እንዳለው ጋራዥ ናት። ሽቦዎቿ ተቃጥለዋል፣ ወንበሮቿ የሉም፤ ሞተሯ ግን ጤነኛ ነው።

ስለ ብረቱ እውነቱን ልንገርህ። አይቼው ፈርቼ ነበር። ሆዷን ካላየሁ የሆነችውን አላውቅም። ግን ኩርፊያ ላይ ስለነበርኩ ለአንተ ከምጽፍ ዝም ብዬ ነዳሁ። አንተ ሳትጠይቅ፣ አክስቴ ሳትናገር፣ እኔ ሳልጽፍ፤ ሦስታችንም ነን ያቃጠልናት። ስለዚህ ብቻህን አትሸከመው፣ ለእኔም ድርሻዬን ተውልኝ።

አሁን የምፈልገውን ልንገርህ። ኮፓውን ብቻ የሚሸፍን፣ ከኋላ ክፍት የሆነ፣ ሰፋፊ ቀዳዳ ያለው፣ በአራት ብሎን የሚያዝ። በአንድ መፍቻ በራሴ እጅ ፈትቼ ገለባውን አራግፌ መመለስ አለብኝ። ከእንግዲህ አውድማ ላይ በየመሀሉ እያቆምኩ ከሥሯ ሳልገባ አልዞርም። ስስ ቢሆንም ግድ የለም፤ ስሱ ለምን እንደሚበቃኝ አሁን እነግርሃለሁ።

ባለፈው ሳምንት ይሄይስና ይታገሱ ቤታችን አብረው መጡ። አብረው! አክስቴ በሩን ከፍታ ስታያቸው ሰው የሞተ መስሏት «ማን ነው?» ብላ ጮኸች። ማንም አልሞተም። ነይ እናሳይሽ አሉኝና በይታገሱ ዘመድ መኪና ወደ ዝግባ ውሃ ወሰዱን።

አማት የለችም፣ አብዱ። ነቅለዋታል። ሽማግሌዎቹም ቄሱም ቆመው፣ ሁለቱ ራሳቸው ዲጅኖ ይዘው፣ እኩል ቆፍረው። ቃሬዛዬን ይዘው አማት ስታንገጫግጨኝ እርስ በርስ የተያዩት ነው ያን ያደረገው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናንሳት እናንሳት ሲሉ ከርመዋል አሉ። ግን ወሰን ያለ ምልክት አይሆንም፤ ሽማግሌዎቹም ሌላ ምልክት ይተከል ብለው ፈረዱ። ድንጋይ ቢሆን ነገ ጎርፍ ያንከባልለዋል፣ እንጨት ቢሆን ምስጥ ይበላዋል እያሉ ሲከራከሩ፣ ይታገሱ መኪናዋን ሊጎትቱ ሲፈቱት መስኖው ውስጥ የቀረውን የአንተን ብረት ተሸክሞ መጣ። ጠቁሯል፣ ጫፉ ተጣሟል፣ አማት የጫረችው ጭረት ግን አሁንም ይታያል። ከመንገዱ ዳር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው አቆሙት። ይሄይስ በላይ፣ ይታገሱ በታች። ጎርፍ እንኳ አይነቅለውም።

አክስቴ አጠገቡ ቆማ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ የሚሠራውን ግራ እጄን እሷ ይዛው ስለነበር አፍንጫዬን የምጠርግበት አጥቼ ነበር።

መኪና የሚያልቅበትን ብቻ ነው የማየው ብለህ ጽፈሃል። ለአዝመራ ና። የሚመጣው አረፋ እያልክ ሰባት አረፋ አለፈ። እኔ እነዳለሁ፣ አንተ በአክስቴ ቦታ ትቀመጣለህ፤ መቁጠሪያዋን ታውስሃለች። ከፈለግህ ዓይንህን ጨፍን፣ አልስቅብህም። ማሳዎቹ መሀል ስንደርስ ግን ግለጥና ወደ ቀኝ ተመልከት፤ ብረትህ እዚያ ቆሟል።

እህትህ ሁስና